ኦርጋን ለሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ይገባል ወይ? ከደብረ ማርቆስ የተነሣ ክርክር

መዝሙር አስጠኚው፣ ደብረ ማርቆስ

እንደምን ሰነበታችሁ ወገኖቼ። በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር አስጠናለሁ። ኪቦርድ የለመድኩት በራሴ ነው። ለቡሄ አንድ የአማርኛ መዝሙር ለሁለት ድምፅ አቀናበርኩ። ሴቶቹ ዋናውን ዜማ ይይዛሉ። ወንዶቹ ከሥር ሌላ መስመር ይዘው ይሄዳሉ። ኦርጋኑ ያጅባል። ልጆቹ ሦስት ሳምንት ለፉበት። ልምምዱን የሰሙ አንድ አባት ግን «ይህ በዐውደ ምሕረት አይቀርብም» አሉ። ኦርጋኑም ወጣ፣ ሁለተኛው ድምፅም ቀረ። አልከፋኝም ብል ውሸት ነው።

ቅዳሴው ውስጥ ይግባ አላልኩም። ማኅሌቱም አይነካ። የወጣቶች መዝሙር ግን በኦርጋን ቢታጀብ፣ በሁለትና በሦስት ድምፅ ቢዘመር ምን ይጎዳል? መዝሙር 150 «በአውታርና በእምቢልታ አመስግኑት» ይላል። በካሴቱ ዘመን ስንቱ መዝሙር በኦርጋን ታጅቦ ወጣ! እናቶቻችን እሱን እየሰሙ አልቅሰዋል። እስቲ ተነጋገሩበት።

የቀድሞ የቅኔ ተማሪ፣ ደብረ ኤልያስ

ወንድሜ፣ ድካምህ ይገባኛል። አባታችን ግን ልክ ናቸው። የእኛ መሣሪያ ድምፁ ስላማረ ብቻ አልገባም። ከበሮውን እይ። ሰፊው አፉ የመለኮት፣ ጠባቡ የትስብእት፣ ሰው የመሆኑ፣ ምሳሌ ነው። ጠፍሩ የግርፋቱን ሰንበር ያሳስባል። ልጅ ሳለን ከበሮ ከማንሣታችን በፊት የተነገረን ይህ ነው። ጊዜም አለው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ከበሮና ጸናጽል ዝም ይላሉ። የጾሙ ዜማ፣ ጾመ ድጓው፣ በመቋሚያ እንቅስቃሴ ብቻ ይዘመማል። ኦርጋንህ የሚጾመው መቼ ነው?

150ኛውን መዝሙር ጠቅሰሃል። እዚያው ላይ መለከትም አለ። የተጠቀሰው ሁሉ ይግባ ካልን ማቆሚያው የት ነው?

ዘማሪት፣ ቢቸና

እኔ ሁለታችሁም ያላነሣችሁትን ላንሣ። ወንዱም ሴቱም አንድ ላይ ሲዘምር የድምፁ መነሻ ለአንዱ ወገን አይመችም። ከፍ ካለ ወንዶቹ ይጮኻሉ። ዝቅ ካለ እኛ እንታፈናለን። በበዓል ቀን ድምፃችን ተዘግቶ ወደ ቤት የምንመለሰው በዚህ ነው። የደብረ ማርቆሱ ወንድማችን ያሰበው ለዚህ መላ ከሆነ እደግፈዋለሁ። ስለ ኦርጋኑ ግን ልቤ አላረፈም። እናቴ በካሴት ስታለቅስ አይቻለሁ። ያስለቀሳት ግጥሙ ነው። ኦርጋኑን ልብም አላለችው።

የመካነ ኢየሱስ መዘምራን አባል፣ ባሕር ዳር

እኔ ከሌላ ቤት ነኝ፣ ታገሡኝ። እኛ ጋ በአራት ድምፅ ነው የምንዘምረው፣ በሶፕራኖ፣ በአልቶ፣ በቴነርና በባስ። ቅንብር እሠራለሁ። ከዚህ ተነሥቼ ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ ሁለት ጥያቄ አንድ ላይ አስራችኋል። የኦርጋኑ ሌላ ነው፣ የብዙ ድምፁ ሌላ። የሩሲያ ኦርቶዶክሶች በአራት ድምፅና ከዚያም በላይ ይዘምራሉ፣ መሣሪያ ግን አያስገቡም። ካቶሊኮች ደግሞ በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ፣ በ1963 እ.ኤ.አ. ስለ አምልኮ በወጣው ድንጋጌ፣ ለቧንቧው ኦርጋን ትልቅ ክብር ሰጥተዋል። ያ ኦርጋን ደግሞ እኛ አገር ኦርጋን የምንለው ኪቦርድ አይደለም። አየር በቧንቧዎች ውስጥ እየተነፋ የሚጮኽ፣ አንዳንዴ ግድግዳ ሙሉ የሚይዝ መሣሪያ ነው። በግሪኩ መዝሙር 150 ላይም «ኦርጋኖን» የሚል ቃል አለ። ትርጉሙ ግን መሣሪያ ማለት ነው። በእሱ ባንከራከር ይሻላል።

ሁለተኛው ነገር የሙያ ነው። መዝሙርህ በትዝታ ቅኝት ነው? ትዝታ አምስት ድምፅ ብቻ ነው ያለው። የምዕራቡ ስምምነት የተሠራው በሰባት ነው። ከሥር ትዝታ የሌለውን አራተኛዋንና ሰባተኛዋን ድምፅ ካስገባህ ቅኝቱ ይፈርሳል። ዜማው ያው ሆኖ ጠረኑ ይሄዳል። እኛ ጋም ይህ ስሕተት ብዙ ጊዜ ይሠራል፣ እኔም ሠርቼዋለሁ። ለወንዶቹ አንድ ረጅም ድምፅ ብታስይዛቸው ወይም ያንኑ ዜማ በወፍራም ድምፅ ብታስከትላቸው ቅኝቱን ሳትነካ ሁለት ድምፅ ታገኛለህ።

መዝሙር አስጠኚው

አራተኛዋን አስገብቻለሁ። አሁን ኪቦርዱ ላይ መልሼ ሞከርኩት፣ እውነትህን ነው። አንዲት ልጅ «ይቺ ቦታ የእኛ አትመስልም» ብላኝ ነበር። አልሰማኋትም።

ቢሆንም በኦርጋኑ አልተረታሁም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ መነኩሲት ሆነው በ2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም እስኪያርፉ ድረስ በፒያኖና በኦርጋን የሚታወቁ ሰው ናቸው። ቆብ ያደረገች እናት ከነካችው እኔ ብነካው ምን አለበት?

የቀድሞ የቅኔ ተማሪ

እሳቸውን አከብራለሁ። የእሳቸው ድርሰት ግን የሚደመጥ ነው። ምእመኑ እያጨበጨበ በዐውደ ምሕረት እንዲዘምረው አልቀረበም። የምንከራከረው ስለ ቦታው ነው።

የድጓ መምህር፣ ዲማ

ልጆቼ፣ ቆይቼ አነበብኩት። ሰው ስለ ዜማ ሲጨነቅ ማየት ደስ ይላል።

ቅንብር ከውጭ የሚመጣ አይምሰላችሁ። ማኅሌት ቆማችሁ አታውቁም? አንዱ ቃል መጀመሪያ በቁም ይባላል፣ ያለ መሣሪያ። ቀጥሎ በመቋሚያ ይዘመማል። ከዚያ ጸናጽሉ ይነሣል፣ ከበሮው ይገባል። መረግድ ይሆናል፣ በመጨረሻ ጽፋቱ ይፈጥናል። ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ በሁለት ወገን ሆነው ይቀባበላሉ። ቃሉ ያው ነው፣ ዜማው ከደረጃ ወደ ደረጃ ይወጣል። ይህ ቅንብር ካልሆነ ምን ይባላል? ልጄ፣ ሁለተኛ ድምፅ ፍለጋ ሩቅ ሄደሃል።

አዲስ ነገር አይገባም የሚለውም አይስማማኝም። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዘመን ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ብሎ ሦስቱን ዜማ ሠራልን። ዜማው የሚጻፍበት ምልክት ግን በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ ነው የመጣ፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል። ምልክቶቹም ይዘቱ፣ ደረቱ፣ ርክርኩ፣ ድፋቱ፣ ጭረቱ፣ ቅናቱ፣ ሂደቱ፣ ቁርጡ። በዚያን ጊዜ አዲስ ነበረ። የተቀበሉት ዜማውን ስለጠበቀ ነው።

ቅኔንም እዩ። ለአቋቋም ጎንደር፣ ለድጓ ማስመስከሪያ የጋይንቷ ቤተልሔም ይኬዳል፣ ለቅኔ ግን ወደ እኛ ጎጃም፣ ወደ ዋሸራና ጎንጅ ነው የሚመጣው። ትናንት የተቀኘኸውን ዛሬ አትደግመውም። ከቅኔ ዓይነቶች ጉባኤ ቃናው ሁለት ቤት፣ ሁለት ስንኝ፣ ነው፣ መወድሱ ስምንት። ቃሉ በየቀኑ አዲስ ነው፣ ልኩ ግን ያው ነው። አንተም አዲስ መዝሙር ስትሠራ ልኩን እወቅ። ልኩን ሳታውቅ የጨመርከው ነገር ምን እንደሚያፈርስ አታውቅም።

ኦርጋኑን የማልወደው በዚህ ነው። ርክርክ የሚለው ምልክት ላይ ስትደርስ ድምፁ መንቀጥቀጥ አለበት። ሂደት ላይ መንሸራተት አለበት። ቁልፉ ግን ቁርጥ ቁርጥ ያለ ነው።

መዝሙር አስጠኚው

የኔታ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ላርምዎ አይደለም፣ ግን የዛሬ ኪቦርድ ድምፁን የሚያንሸራትት መንኮራኩር አለው።

የድጓ መምህር፣ ዲማ

ይኑረው። መንኮራኩሩን የሚያዞረው እጅ ድጓ ተምሯል ወይ? እኔ የምጠይቅህ እሱን ነው።

ወጣት፣ ሞጣ

ሁላችሁም የምትሉት ጥሩ ነው። ግን ወጣቱ ወደሚደምቅበት እየሄደ ነው። እኛ ስለ ርክርክ ስንከራከር ልጆቹ ያልቃሉ።

ዘማሪት፣ ቢቸና

የእኛ ልጆች የቀሩት ኦርጋን ስለጠፋ አይደለም፣ የሚያስጠናቸው ስለጠፋ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ መሪጌታ በሳምንት ሁለት ቀን ወረብ ሊያስጠኑን ጀመሩ። አዳራሹ አልበቃ አለ። የታመሙ ጊዜ ቆመ፣ ልጆቹም ተበተኑ።

መዝሙር አስጠኚው

ይህ ነገር ልቤን ነካው። እንግዲህ ያሰብኩትን ልንገራችሁ። ለቡሄው ኦርጋኑን ትቻለሁ። ሴቶቹ በቀኝ፣ ወንዶቹ በግራ ሆነው ይቀባበላሉ። መነሻውንም ለእህታችን ስል ለሁለቱ ወገን ለየብቻ አደርገዋለሁ። አራተኛዋን አውጥቻለሁ። ወንዶቹ አንዱን ድምፅ ይዘው እንዲቆዩ ያልከኝን ግን፣ የባሕር ዳሩ ወንድሜ፣ እሞክረዋለሁ። ስለ እሱ ከአባታችን ጋር ገና እከራከራለሁ። ከዐውደ ምሕረት ውጭ፣ በአዳራሽ ጉባኤ ላይ ኦርጋን ቢገባ አሁንም ክፋቱ አይታየኝም።

የመካነ ኢየሱስ መዘምራን አባል

ስታስጠና በስልክህ ቅዳልኝ። ቀኝና ግራ ሲቀባበሉ ወንዶቹ የያዙት ድምፅ የት እንደሚያርፍ መስማት እፈልጋለሁ።

የድጓ መምህር፣ ዲማ

ክርክሩ ይቆይህ። ቅዳሜ ከ9 ሰዓት በኋላ ጉባኤ የለብኝም። ወንዶቹን ይዘህ ና። መጀመሪያ መዝሙሩን ያለ ምንም መሣሪያ ታሰሙኛላችሁ። መቋሚያ እኔ ጋ አለ።