61 ኮዶን፣ ግን 61 ቲአርኤንኤ የለም? እባካችሁ አስረዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ያለሁ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ጣና ዳር ዋርካ ሥር ቁጭ ብዬ ሳጠና አንድ ቦታ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ዲኤንኤ ወደ ኤምአርኤንኤ (መልእክት ተሸካሚው ቅጂ) ሲገለበጥ ቲ በዩ እንደሚተካ፣ ራይቦዞም (የሴሉ ፕሮቲን ሠሪ) ከኤዩጂ ጀምሮ ሦስት ሦስት ፊደል እንደሚያነብ፣ እያንዳንዱ ሦስት ፊደልም ኮዶን እንደሚባል ገብቶኛል። ከ64ቱ ኮዶኖች 3ቱ ማቆሚያ ናቸው፤ የቀሩት 61ዱ ለ20 አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያዎች)። እስከዚህ ሰላም ነው።

ግን ሴሉ ለ61ዱም የየራሳቸው ቲአርኤንኤ (በራሱ ፊደሎች ከኮዶኑ ጋር ተጣምሮ አሚኖ አሲዱን የሚያመጣው ሞለኪውል) የለውም ይላሉ! ጂሲዩም ጂሲሲም አላኒን ናቸው፤ ታዲያ አንድ ቲአርኤንኤ ሁለቱንም እንዴት ያነባል? "ሦስተኛው ፊደል ላይ ላላ ይላል" ተባልኩ። ምኑ ነው የሚላላው? ጂ የሚጣመረው ከሲ ጋር ብቻ አይደል እንዴ? (ብቻዬን ሳወራ ታንኳ ቀዛፊዎቹ እየሳቁብኝ ነው።)

ፈተናው የዛሬ ሳምንት ነው፤ የምታውቁ በምሳሌ አስረዱኝ፣ በሞቴ።