ቤንዚን የሚበዛባት ኮሮላ፦ ኢንጀክተር ነው ወይስ ዘይቱ?

ጅማ ነኝ። መኪናዬ የ2004 ሞዴል ኮሮላ ናት፣ 1.8 ሞተር። ከሁለት ወር ወዲህ ቤንዚን ትጠጣለች። ጠዋት ስትነሳ ጥቁር ጭስ ታወጣለች፣ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳልረግጥ ቆማ ስትሠራ) ትንቀጠቀጣለች። የሞተር መብራትም በርቷል። ስካነር ላይ የወጣው ኮድ ፒ0172 ነው፤ ቅልቅሉ ቤንዚን በዝቶበታል ማለት ነው።

መካኒኩ መጀመሪያ ካንዴላ ቀየረ። አዲሶቹም በሳምንት ጥላሸት ለበሱ። ቀጥሎ የፊተኛው የኦክስጅን ሴንሰር ተቀየረ (ዋጋውን ተዉት)። ለውጥ የለም። የአየር መለኪያ ሴንሰሩን በስፕሬይ አጸዳን፣ ፊልትሮውም አዲስ ነው። የውሃው ሙቀት 88 ዲግሪ ያሳያል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ቀዝቃዛ መስሎት ቤንዚን እየጨመረ አይደለም።

ግራ ያጋባኝ ይሄ ነው። ሚኒሞ ላይ የረጅም ጊዜ የነዳጅ ማስተካከያው ከዜሮ በታች 24 በመቶ ነው፤ ኮምፒውተሩ ያን ያህል ቤንዚን እየቀነሰ ነው ማለት ነው። 2500 ዙር ላይ ስይዘው ግን ከዜሮ በታች 7 ብቻ ይሆናል። የጅረንን ዳገትም ሳትነጫነጭ ትወጣለች። ከታንክ የቤንዚን ትነት የሚያመጣውን ቱቦ ነቅዬ ደፈንኩት፣ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። የዘይት መለኪያውን ሳወጣ ግን ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣ ከላይኛው ምልክትም አልፏል። እሱን ካየሁ ወዲህ መኪናዋን አቁሜያታለሁ።

እኔ የምጠረጥረው የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር (ቤንዚን ወደ ሞተሩ የሚረጨው) ነው። መካኒኩ ደግሞ "ዘይቱ ውስጥ የገባው ቤንዚን እየተነነ ተመልሶ ሞተር ውስጥ እየገባ ነው፣ ዘይት ቀይር ይበቃል" ይላል። ኢንጀክተሮቹን ሳላስፈታ ሁለቱን በምን ልለያቸው?