«በቀን አንድ ቢራ ለአንጀት ጥሩ ነው» ያለው ማነው?

መቅደስ ዘፒያሳ፦ ታክሲ ውስጥ ሬድዮ ላይ አንዱ አቅራቢ «በቀን አንድ ቢራ ለአንጀት ባክቴሪያ ጠቃሚ መሆኑ ተረጋግጧል» ሲል ሰማሁ። ተሳፋሪው በሙሉ አጨበጨበ ማለት ይቀላል። ተረጋግጧል? ነገሩ እኮ እ.ኤ.አ. በ2022 ፖርቱጋል ውስጥ 19 ወንዶች ላይ የተሠራች ጥናት ናት። የፈጀችው አራት ሳምንት ነው። ሴት የለችበትም፣ በሽተኛ የለበትም። ይሄ ነው ማረጋገጫው?

ድራፍት ወዳጅ፦ ታዲያ ምን ዋሸ? ሰዎቹ አንጀት ውስጥ የባክቴሪያው ዓይነት በዝቷል። ክብደታቸውም አልጨመረም። ከእራት ጋር አንድ ጠርሙስ፣ አለቀ። እናንተ ግን ሰው ሲደሰት ያማችኋል።

ሲስተር ሀና፦ ግማሹን ነው ያነበብከው ወንድሜ። ሰዎቹ ለሁለት ተከፍለው አንዱ ቡድን የጠጣው አልኮል የሌለውን ቢራ ነው። እነሱም ላይ የባክቴሪያው ዓይነት በዝቷል። ስለዚህ ሥራውን የሠራው አልኮሉ አይደለም። የተጠረጠረው ከገብሱና ቢራውን ከሚያመረው ተክል፣ ከሆፕሱ የሚመጣው ፖሊፊኖል የሚባል የዕፅዋት ንጥረ ነገር ነው።

ድራፍት ወዳጅ፦ አልኮሉም አልጎዳም ማለት ነዋ!

ሲስተር ሀና፦ በአራት ሳምንት ምን እንዲታይ ፈለግህ? ካንሰር? የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 መጀመሪያ ላይ ጉዳት የሌለው የአልኮል መጠን የለም ብሏል። ካንሰር አምጪ ከተባሉት ጋር አንደኛው ምድብ ውስጥ ነው፣ ከሲጋራ ጎን። የትልቁ አንጀት ካንሰርም አለበት። አንጀትህን ልታክም ገብተህ...

ጋሽ ታደሰ፦ እኔ የገረመኝ «አንድ ጠርሙስ» የምትለዋ ናት። ልጄ፣ የት አገር ነው ያለኸው? አንድ ቢራ ጠጥቶ ሒሳብ የጠየቀ ሰው እስቲ አሳየኝ።

ድራፍት ወዳጅ፦ እኔ አለሁ ጋሼ።

ቤቲ፦ አንድ ሳጥን ማለትህ ነው? 😂

ጋሽ ታደሰ፦ አንተ ስታዝዝ ጓደኛህ ዝም ይላል? «በሞቴ ድገም» ይላል። ሦስተኛ ሰው ይመጣል፣ እሱም ይጋብዛል። ተነስተህ ብትሄድ «ኮራ» ትባላለህ። ጥናቱ ላይ 330 ሚሊ ሊትር ነው ያሉት፣ በየቀኑ፣ ከእራት ጋር። አንተ ቅዳሜ ማታ የሳምንቱን ኮታ በአንዴ ታወራርዳለህ።

ድራፍት ወዳጅ፦ ጋሼ፣ እርስዎን አከብራለሁ፣ ግን የሰውን ብርጭቆ ለምን ይቆጥራሉ?

አቤል፦ የቢራ ማስታወቂያ ከሬድዮና ከቴሌቪዥን በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ተከለከለ። አሁን በጤና ፕሮግራም በር መጣ። ገባችሁ?

መቅደስ ዘፒያሳ፦ አቤል፣ ያለ ማስረጃ ሰው አትወንጅል። አቅራቢው ሰነፍ ነው፣ ርዕሱን ብቻ አንብቦ ነው የገባው። ያ ይበቃዋል።

አቤል፦ አንቺ ራስሽ አይደለሽ እንዴ የከሰስሽው?

የጎጃም ልጅ፦ ፈረንጅ ካልነገራችሁ አታምኑም። ጠላ ምን ሆነ? ጠላ አይጣራም፣ አይታሸግም፣ እርሾው ከነነፍሱ ነው። የጠርሙስ ቢራ ግን ተጣርቶ፣ በሙቀት ተመትቶ ነው የሚመጣላችሁ። ባክቴሪያ ከፈለጋችሁ እናቴ ጋ ኑ።

ሲስተር ሀና፦ ጠላም አልኮል አለው እኮ። ያውም አንዱ ቤት ቀላል፣ ሌላው ቤት የሚጥል ነው፤ መጠኑ አይታወቅም።

የጎጃም ልጅ፦ የእናቴን ጠላ ልትለኪ ነው?

ሰላም ከፍራንክፈርት፦ እዚህ አልኮል የሌለው ቢራ የትም ሱቅ አለ። ያ ፖሊፊኖል ካማራችሁ እሱን ጠጡና ክርክሩን ተዉት።

ቤቲ፦ እኛም ማልት አለን።

ሰላም ከፍራንክፈርት፦ ማልት ሌላ ነው ቤቲዬ። እሱ ስኳሩ ይበዛል።

ቤቲ፦ ስኳር ደግሞ መጣ! ውኃ ብቻ እንጠጣ በቃ?

ድራፍት ወዳጅ፦ ሲስተር፣ አንድ ጥያቄ። ጥናቱ ውስጥ አልኮል የጠጡት ሰዎች ደማቸው ተመርምሮ ተበላሸ? አልተበላሸም። እዚህ ላይ መልሽልኝ።

ሲስተር ሀና፦ 28 ቀን ነው ያልኩህ። ስንት ጊዜ ልበል?

ጋሽ ታደሰ፦ እሱ መልሱን አይፈልግም። ሁለተኛውን አዝዟል።