የማያምነው እንግዳችን ማርያምን ይጠራል

የከዚራዋ፦ ድሬ፣ ከዚራ፣ እንግዳ ማረፊያ ውስጥ ነው የምሠራው። አንድ የቼክ ሰው አርፎብናል። መብራት በጠፋ ቁጥር «የዢሽማርያ!» ይላል። ኢየሱስንና ማርያምን መጥራቱ ነው። ፍልሰታ ስለሆነ የጾም ላቅርብልህ ስለው «እኔ እኮ አላምንም» ብሎ ሳቀ። ምን ጉድ ነው?

አባ ሳቢያን፦ አይግረምሽ የኔ ልጅ። እ.ኤ.አ. በ2021 ቆጠራቸው ግማሽ ያህሉ ሃይማኖት የለንም ብለዋል። አፋቸው ግን አልተወም። ሲደነግጡ «ፕሮቦሃ»፣ በእግዚአብሔር! ሲያዝኑም «ቦሁዤል»፤ እዚያም ውስጥ እግዚአብሔር አለ።

ፕራግ የተማርኩ፦ «ስቦሄም» ካለሽ ግን የምር ተሰናብቶሻል። ለዘወትሩ ቻው «አሆይ» ይበቃል።

የመጋላ ልጅ፦ እሱን ተዪውና፣ ታላቅ ወንድሜ ዲያቆን ነው። አሸዋ ገበያ ዋጋ ሲከራከር «ወላሂ አያዋጣኝም» ነው የሚለው።