9900 የሚል የቬፕ ድንጋይ ልግዛ?

የደብረ ሲናው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታላቅ ወንድሜ ለገና ከውጭ መጥቶ እኛ ጋ ነው ያለው። ቬፕ (የኤሌክትሪክ ሲጋራ) ያጨሳል፤ አንድ 18650 ድንጋይ የሚወስድ፣ ስክሪን ያለው። የድንጋዩ ላስቲክ ከላይ በኩል ተቀዷል። ሸዋ ሮቢት ገበያ ለእጅ ባትሪ የሚሸጥ አየሁ፣ የሚይዘው ቻርጅ 9900 ሚሊአምፕ ይላል፣ ርካሽ ነው። መጠኑ አንድ ነው። ልግዛለት?

ጠጋኙ፣ ደብረ ብርሃን፦
ኧረ ተው! 18650 ማለት 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ቁመት ነው። በዚያች ቆርቆሮ ውስጥ ምርጥ የሚባለው ፋብሪካ እንኳ ከ3600 ብዙም አያልፍም። ሱቄ ትንሽ ሚዛን አለችኝ። ደህናው ድንጋይ 45 ግራም ገደማ ነው። ባለፈው አንዱ 9900 የሚል አመጣልኝ፣ 28 ግራም! ሳልነካው መለስኩለት።

ለቬፕ ደግሞ ዋናው ሚሊአምፑ አይደለም። ሳይግል ስንት አምፒር ይሰጣል ነው ጥያቄው። ወንድምህ ስንት ዋት ላይ ነው የሚያጨሰው? ዋቱን ለ3 ቮልት አካፍለው። 60 ዋት ከሆነ 20 አምፒር ይፈልጋል። ሳምሰንግ 25አር የሚባለው ድንጋይ ይህን ይችላል፣ ሚሊአምፑ ግን 2500 ብቻ ነው። እሱም ፎርጅድ አለው።

የተቀደደውን ዛሬውኑ ያውጣው። የድንጋዩ ገላ በሙሉ፣ የላይኛው ጠርዝ ሳይቀር፣ ኔጌቲቭ ነው። ፖዘቲቩ መሀል ላይ ያለችው ጉብታ ብቻ ናት። የሚለያቸው ያ ላስቲክና አንዲት ስስ ቀለበት ነው።

የደብረ ሲናው፦
60 ዋት ነው አለ። ደግሞ ትርፍ ድንጋዩን ከቁልፍ ጋር ኪሱ ይከታል 😬

ጠጋኙ፣ ደብረ ብርሃን፦
ቁልፉ ፖዘቲቩንና ኔጌቲቩን ካገናኘ ሱሪው ይነድበታል በለው። ባዶ የፕላስቲክ መድኃኒት ብልቃጥ ስጠው፣ እዚያ ይክተተው።

መንዜው፦
የቬፕ ድንጋይ ሱቅ ፍለጋ አትድከም። ቬፕ መሸጥ በአዋጅ 1112/2011 ክልክል ነው። ከመጣበት አገር፣ ከታወቀ ሻጭ ያስመጣ። አንድ ነገር ልጨምር፦ በዚህ ውርጭ መኪና ውስጥ ያደረ ድንጋይ ወዲያው ቻርጅ አይደረግም። ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ ሲደረግ ውስጡ ይበላሻል። ቤት ገብቶ ይሙቅ። ጋቢ ላይ አስቀምጦ ቻርጅ ማድረግም የለም።

የደብረ ሲናው፦
እግዜር ይስጥልኝ። አውጥቶታል፣ እያጉረመረመም ቢሆን። 9900ውን ለእናቴ የእጅ ባትሪስ?

ጠጋኙ፣ ደብረ ብርሃን፦
እናትህ ምን በደለችህ?