ጅማ ለደረሳችሁ፦ ካፌ ወይስ ኖን ካፌ? ዶርም ወይስ ኪራይ?

ምደባ በወጣ ቁጥር ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። የአክስቴ ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ፣ የጓደኛዬ ታናሽ እህት፣ ሁሉም "ጅማ ደረሰኝ፣ ስንት ብር ልያዝ? ኖን ካፌ ይሻላል ይላሉ፣ እውነት ነው?" ይሉኛል። ካፌ የጊቢው መመገቢያ ነው፤ ኖን ካፌ ደግሞ የምግቡን ገንዘብ በእጅ ተቀብሎ ውጭ መብላት። ጅማ ተወልጄ፣ እዚያው አድጌ፣ እዚያው የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ አይፈረድባቸውም። ለእያንዳንዱ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው፤ ቤተሰብም ያንብበው።

አቋሜን ቀድሜ ልንገራችሁ፣ የቸኮለ እዚሁ ማቆም ይችላል። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ካፌ ብሉ። ዶርም እደሩ። የያዛችሁትን ብር ለዝናቡ፣ ለኮፒና ለመንገድ አስቀምጡት። ጅማ ላይ የፍሬሽ (የአንደኛ ዓመት ተማሪ) ገንዘብ የሚያልቀው በትምህርት ክፍያ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በችኮላ በሚወሰኑ ነገሮች ነው።

ገና ምርጫ ላልሞላችሁ

ስለ መግቢያው ብዙ አልልም፣ ታውቁታላችሁ። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው የሚሰጠው፣ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። የዚያን ዓመት ያለፉት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ። እና ምደባ ወጥቶላችሁ "አንደኛ ምርጫዬ አልደረሰኝም" ብላችሁ የምታኮርፉ ልጆች፣ ወደ ኋላ የቀረውን ሰልፍ እዩት። 50 ላልሞላችሁ ሪሚዲያል የሚባል የማካካሻ ትምህርት አለ፣ መቁረጫ ነጥቡን ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ ያወጣዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን መግቢያ ፈተና ነው የሚሰጠው፣ እሱን የምትፈልጉ መንገዳችሁ ሌላ ነው።

ጅማን ስንተኛ ላድርጋት? ጤና ከሆነ ሐሳባችሁ አንደኛ ወይ ሁለተኛ። ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም. ሲቋቋም የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱና የግብርና ኮሌጁ ተዋህደው ነው፤ ሁለቱም ከዚያ በፊት የቆዩ ናቸው፣ ግብርናው እንዲያውም የ1940ዎቹ ነው። ሆስፒታሉ የደቡብ ምዕራቡን ሕዝብ የሚያክም ስለሆነ ተማሪ በሽተኛ በመጽሐፍ ብቻ አያይም። ከዚያ ሌላ ሲቢቲፒ የሚባል ነገር አለ። በቡድን ሆናችሁ ወደ ኅብረተሰቡ ትወጣላችሁ፣ ቤት ለቤት መረጃ ትሰበስባላችሁ፣ የአካባቢውን ችግር ትለያላችሁ፣ ከዚያ ከነዋሪው ጋር መፍትሔ ትሞክራላችሁ። የጤና ተማሪዎች ደግሞ መጨረሻ ላይ ቲቲፒ ይወጣሉ፤ ሐኪሙ፣ ነርሱ፣ ፋርማሲው፣ ላቦራቶሪው አንድ ቡድን ሆነው እንደ አጋሮ፣ ሸቤ፣ ሰርቦና አሰንዳቦ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ይሠራሉ። ሲቢቲፒ የጫማና የትራንስፖርት ወጪ አለው፣ ይህንን ማንም አስቀድሞ አይነግራችሁም። ግን ከጅማ የወጣ ሰው ገጠር ሲመደብ የማይደናገጠው በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቴክኖ (ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ) የተማረ ጓደኛዬ "አንተ ጤና ጤና ብቻ ትላለህ" ይለኛል። ልክ ነው፣ ኢንጂነሪንጉም የራሱ ጊቢ ያለው ትልቅ ኢንስቲትዩት ነው። ብቻ የትም ግቡ የት የመጀመሪያው ዓመት ፍሬሽማን ኮርስ ነው፤ የምትፈልጉት ዲፓርትመንት የሚወሰነው በውጤታችሁ ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ኤግዚት ኤግዛም የሚባል የመውጫ ፈተና አለ፣ እሱም 50 በመቶ ይጠይቃል። "ፍሬሽ ላይ ተዝናና፣ በኋላ ትቸክላለህ" የሚላችሁ ሲኒየር ካጋጠማችሁ የእሱን ጂፒኤ ጠይቁት።

የትኛው ጊቢ?

"ጅማ ደረሰኝ" ብቻ አይበቃም። ዋናው ጊቢ አለ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ያለው ቴክኖ አለ፣ ግብርናው አለ፣ ቢዝነስና ኢኮኖሚክሱ ቤኮ አለ። እነዚህ በባጃጅ ይገናኛሉ። አጋሮ ግን 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለች ሌላ ከተማ ናት፤ እዚያ የተመደበ ልጅ ጅማ ከተማ ቤት ቢከራይ ትርጉም የለውም። ጥሪው ላይ የተጻፈውን ጊቢ ሳታረጋግጡ ሻንጣ ይዛችሁ አትዙሩ።

ክፍያ

መንግሥት የመደባችሁ ከሆነ ስትገቡ የትምህርት ክፍያ አትከፍሉም። የወጪ መጋራት ውል ትፈርማላችሁ። የምግቡና የመኝታው ወጪ ሙሉው፣ የትምህርቱ ደግሞ 15 በመቶ በስማችሁ ይመዘገባል፣ ተመርቃችሁ ሥራ ስትይዙ ከደመወዛችሁ እየተቆረጠ ይከፈላል። እስከዚያ ዋናው ዲግሪ እጃችሁ አይገባም፣ በጊዜያዊ ማስረጃ ነው የምትንቀሳቀሱት። ብዙ ልጅ ሳያነብ ይፈርማል። አንብቡት። በተለይ ምግብ በዓይነት ነው ወይስ በገንዘብ የሚለውን ቦታ ከመሙላታችሁ በፊት የሚቀጥለውን አንብቡ።

ካፌ ወይስ ኖን ካፌ

ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። ለአንድ ተማሪ ምግብ በቀን ይመደብ የነበረው 22 ብር ነበር፣ በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። አሁን እስቲ በ100 ብር ከጊቢ ውጭ ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት ብሉ። አንድ ምሳና ሻይ ነው፣ እሱም ቤቱን የምታውቁት ከሆነ። ካፌ ግን ሦስት ጊዜ ታበላችኋለች። ምስር፣ ሽሮ፣ ክክ እየተፈራረቁ ይሰለቻሉ፣ እሱን አልክድም። ሰልፉም አለ። የሚሰለቸውን ማጣፈጥ ግን ኖን ካፌ ከመሆን ይረክሳል። ከቤት ዳጣ ወይ ሚጥሚጣ ይዛችሁ ኑ። በሶ፣ ቆሎ፣ ጭኮ ካለ እናትን አትከልክሏት፣ ሎከር ውስጥ የሚቀመጥ ወርቅ ነው። ጅማ አቮካዶ የሞላባት ከተማ ናት፤ የካፌን ዳቦ ይዞ ወጥቶ በአቮካዶ መብላት እዚህ የታወቀ ነው።

ካፌ አልሆነልኝም ለምትሉ፣ ጨጓራም ሊኖር ይችላል፣ ያለውን ላነጻጽርላችሁ። የጊቢው ላውንጅ ለቅርበት ጥሩ ነው፣ ለየቀኑ አይሆንም። በር ላይ ያሉት ትንንሽ ምግብ ቤቶች ቲማቲም ለብለብ፣ ፓስታ፣ ተጋቢኖ፣ እርጥብ ይሠራሉ፤ ተማሪ የሚበዛበትን ምረጡ፣ ምግቡ አያድርም። ለእኔ ከሁሉም የሚሻለው ቤታቸው የሚያበስሉ እናቶች ጋር በወር መነጋገር ነው። ሦስት አራት ሆናችሁ ከሄዳችሁ በዋጋም ይስማማሉ፣ የጾም የፍስኩንም ይለያሉ፣ ስትታመሙም አጥሚት ይሠሩላችኋል። ግን የወሩን ሙሉ ገንዘብ በመጀመሪያው ቀን አትስጡ። ሳምንት ብሉና ከዚያ ወስኑ። በረመዳን ቀን ቀን የሚዘጉ ቤቶች ስላሉ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ራሳችን እናበስላለን የሚል ሐሳብ በየዓመቱ ይመጣል። ጥሩ ነው። ፈተና እስኪደርስ።

ዶርም ወይስ ኪራይ

ዶርም ውስጥ ጩኸት አለ፣ የማታውቁት ልጅ ጋር መስማማት አለ። ግን ላይብረሪና ስፔስ (የማጥኛ ክፍል) ቅርብ ነው፣ ማታ አጥንቶ ለመመለስ ባጃጅ አያስፈልግም። ፍሬሽ ላይ ዶርም የሚሰጠው ሌላ ጥቅም ሰው ነው፤ ማስታወሻ የሚያውሳችሁ፣ ስትታመሙ ክሊኒክ የሚወስዳችሁ የዶርም ልጅ ነው።

ከሁለተኛ ዓመት በኋላ ለሁለት ለሦስት ሆናችሁ መከራየት ይቻላል። ቤቱን ግን ዝናብ ከጣለ በኋላ እዩት። ጅማ ላይ ፀሐይ ወጥቶ ያየኸው ቤት ሌላ፣ ከዝናብ በኋላ ያየኸው ቤት ሌላ ነው። ጣሪያው ያፈስሳል ወይ፣ መንገዱ ጭቃ ነው ወይ፣ ውሃ በስንት ቀን ይመጣል፣ ቆጣሪው የጋራ ነው ወይስ የብቻ፣ በር በስንት ሰዓት ይዘጋል። የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይረሳታል፣ ከዚያ ከላይብረሪ አምሽቶ ሲመጣ በር ላይ ይቆማል። ደላላ የሚወስደውንም ከኪራዩ ጋር ደምሩት። ፍራሽ፣ ምድጃ፣ ባልዲ፣ ጀሪካን ሲጨመር የመጀመሪያው ወር ከሚቀጥሉት ሁሉ ይከብዳል።

ምን ከቤት፣ ምን ከጅማ

ከቤት፦ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ልብስ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትራንስክሪፕትና የፈተናው ውጤት ዋናውና ኮፒው። ዋናውን ዶክመንት ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ፣ እጃችሁ ላይ ይሁን።

ከጅማ፦ ባልዲ፣ መስቀያ፣ ቁልፍ፣ ነጠላ ጫማ፣ እነዚህን ከአዲስ አበባ መሸከም ዋጋ የለውም። ሐሙስ የገበያ ቀን ነው፣ መርካቶ ውረዱ። በኦሮምኛ ቁጥር እስከ መቶ ለመቁጠር ሞክሩ፤ ገበያ ላይ ጨዋታው ይለወጣል፣ ሰዉም ይወዳችኋል። ወፍራም ጃኬት ሰልባጅ ተራ ላይ ከአዲሱ በብዙ ይረክሳል።

ጃንጥላና ውሃ የማያስገባ ጫማ ላይ ግን አትሰስቱ። ደረቁ ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት አካባቢ ነው፣ ከዚያ ውጭ ዝናቡ ልማድ ነው። እንደ ጋቢ የሚደርቅበት ቀን የሚናፈቅ ልብስ አታብዙ። አጎበር ይኑራችሁ፣ በአካባቢው ወባ አለ።

መንገድና ባጃጅ

ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወሊሶን፣ ወልቂጤን አልፋችሁ ጊቤ በረሃ ትወርዳላችሁ፣ ከዚያ ሰኮሩ፣ አሰንዳቦ፣ ሰርቦ። ትልልቆቹ አውቶቡሶች ዋጋቸው ከፍ ይላል፣ ግን ሻንጣ ይከበራል፣ መቀመጫም የራስ ነው። ከአውቶቡስ ተራ የሚነሱት ይረክሳሉ፣ በየከተማው ይቆማሉ። ሚኒባስ ይፈጥናል። ለልጄ ብመርጥ ሚኒባሱን አልመርጥም። ቀን የምትደርሱበትን ቁረጡ። አውሮፕላንም አለ፣ አባ ጅፋር ኤርፖርት ያርፋል፣ ግን የዚያ ብር ለወራት ኪስ ይሆናል።

ባጃጅ ላይ ሻንጣ ይዛችሁ ስትወርዱ ኮንትራት ነው የሚሏችሁ። የመጀመሪያውን ዋጋ አትቀበሉ፣ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ተካፈሉት። ከዚያ በኋላ ከሰው ጋር ነው የምትሳፈሩት።

ኮፒና ላፕቶፕ

ሃንድአውት በሙሉ አታስቀዱ። አብዛኛው ቴሌግራም ላይ በፒዲኤፍ ይገኛል፣ የሚያስፈልገውን ምዕራፍ ብቻ ኮፒ አድርጉ። ኮፒ ቤቶች ዋጋቸው ይቀራረባል፣ ልዩነቱ ፈተና ሰሞን ሰልፉ ላይ ነው። ላፕቶፕ ፍሬሽ ላይ ግዴታ አይደለም። ቴክኖ የምትገቡ ዲፓርትመንት እስኪታወቅ ጠብቁ፣ ምን ዓይነት እንደሚያስፈልጋችሁ ያኔ ነው የሚገባችሁ።

ጫት

ይህን ካልጻፍኩ ጥቆማው ጎዶሎ ነው። ጅማ ጫት ያለባት ከተማ ናት፣ ከሃይማኖትና ከማኅበራዊ ሕይወት ጋርም የተያያዘ ስለሆነ ነዋሪውን ለመንቀፍ አይደለም። የማወራው ለኪሳችሁ ነው። "ለጥናት ነው" ተብሎ ይጀመራል። ከዚያ ለስላሳው፣ ለውዙ፣ ቡናው፣ ማታ ደግሞ እንቅልፍ እምቢ ሲል ሌላው ይከተላል። የካፌ ምግብ ሰለቸኝ ብሎ በር ላይ የማይበላ ልጅ ለበርጫ (ለጫት መቃሚያ) ብር ሲያገኝ አይቻለሁ። ለማንቃት ጀበና ቡና አለላችሁ፣ እዚህ ቡና የማይፈላበት መንደር የለም።

ቅዳሜ ከሰዓት ለመተንፈስ ጅሬን ውጡ። ከተማው ዳር ከፍ ያለ ቦታ ላይ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለ። በእግር ለመውጣት ብርታት ይጠይቃል፣ ለመውረድ ጨዋታ ነው። ፈረንጅ አራዳ ያሉት ካፌዎች ለልደትና ለምርቃት ይሁኑላችሁ፣ ዋጋቸው የተማሪ አይደለም።

ለእረፍት ወደ ቤት ስትሄዱ ቡናና ማር አምጡ ትባላላችሁ፣ ከአሁኑ ተዘጋጁ። ቡናውን ከሱቅ ሳይሆን ከገበያ ግዙ፣ ማሩን ደግሞ የምታውቁት የከተማ ልጅ ይዛችሁ ቅመሱና ግዙ። ክዳኑን በፌስታል እሰሩት፣ ጊቤ ላይ ሙቀቱ ያፈሰዋል።

የአጋሮና የግብርና ጊቢ ልጆች፣ የእናንተን ሰፈር የኪራይና የምግብ ዋጋ ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁና ከታች ጨምሩበት። በወር የሚያበስሉ እናቶች የምታውቁ ደግሞ ስልካቸውን እዚህ አታውጡ፣ ለጠየቃችሁ ልጅ በውስጥ ላኩለት።