ትራንዚሽኑ አልገባ አለኝ፣ ሳውንድ ኢፌክቱም ከቁርጡ ዘግይቶ ይሰማል

ጥያቄ፦ አዲስ ኤዲተር

ሰላም ለሁላችሁም። በነጻው ዳቪንቺ ሪዞልቭ (የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራም) የ4 ደቂቃ ቪዲዮ እያቀናበርኩ ነው፤ ታይምላይኑ (ክሊፖቹ የሚደረደሩበት መስመር) በሰከንድ 25 ፍሬም ማለትም 25 ምስል ነው። ሦስት ነገር አስቸግሮኛል።

ክሮስ ዲዞልቭ (አንዱ ምስል ቀስ እያለ ወደ ሌላው የሚቀየርበት ትራንዚሽን) ጎትቼ በሁለት ክሊፖች መካከል ስጥለው አንዳንዱ ቦታ ላይ ያለ ችግር ይገባል፤ አንዳንዱ ላይ ግን ክሊፖቹ ትርፍ የላቸውም፣ ልቁረጣቸው ወይስ ልተዋቸው ይለኛል። ቁረጥ ስለው ደግሞ ከኋላ ያሉት ሁሉ ቦታቸውን ይለቃሉ። ሁለተኛ፣ «ሹው» የሚለውን ድምፅ መነሻውን ልክ ቁርጡ (ሁለቱ ክሊፖች የሚገናኙበት ቦታ) ላይ አድርጌ ሳስቀምጠው ሲጫወት ዘግይቶ ይሰማል። ሦስተኛ፣ ኢፌክቱ ሊያልቅ ሲል «ጠቅ» የምትል ድምፅ አለች። የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።

መልስ፦ ታይምላይን

ሰላም ወንድም። የመጀመሪያው ችግር ከትራንዚሽኑ ሳይሆን ከክሊፖቹ የመጣ ነው። ዲዞልቭ ሲሠራ ሁለቱ ምስሎች ለጥቂት ጊዜ ተደራርበው ይታያሉ። ለመደራረብ ደግሞ ሂያጁ ክሊፕ ከቁርጡ በኋላ፣ መጪው ክሊፕ ከቁርጡ በፊት የተደበቀ ትርፍ ምስል ሊኖራቸው ይገባል። ይህን ትርፍ ሃንድል እንለዋለን። ባንተ ታይምላይን የ1 ሰከንድ ዲዞልቭ ቁርጡን መሃል አድርጎ ሲቀመጥ ከእያንዳንዱ ወገን 12 ወይም 13 ፍሬም ይፈልጋል። ክሊፑን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሙሉውን ታይምላይኑ ላይ ካስቀመጥከው ትርፍ የሚባል አልቀረለትም።

ቁረጥ ስትለው ፕሮግራሙ የጎደለውን ትርፍ ለማግኘት የክሊፖቹን ጫፍ ያሳጥራል፤ የኋላዎቹ ወደ ፊት የሚሳቡት በዚህ ምክንያት ነው። በኮንትሮል ዜድ መልሰውና ከነዚህ አንዱን ሞክር፦

ትራንዚሽኑን አሳጥር። 1 ሰከንዱን ወደ 8 ወይም 10 ፍሬም ብታወርደው ከየወገኑ የሚያስፈልግህ 4 ወይም 5 ፍሬም ብቻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ይበቃል። ርዝመቱን ትራንዚሽኑን መርጠህ ኢንስፔክተር (የመረጥከው ነገር ማስተካከያዎች የሚታዩበት ፓነል) ላይ ታገኘዋለህ።

ትርፉ በአንድ ወገን ብቻ ካለ አቀማመጡን ቀይር። እዚያው ኢንስፔክተር ላይ አላይንመንት የሚል አለ። ትራንዚሽኑ ከቁርጡ እንዲጀምር ካደረግከው ትርፍ የሚፈለገው ከሂያጁ ክሊፕ ብቻ ነው። ቁርጡ ላይ እንዲያበቃ ካደረግከው ደግሞ ከመጪው ብቻ። ብዙ ሰው ይህን አማራጭ ሳያየው ያልፋል፤ ግማሹን ችግር የሚፈታው ግን እሱ ነው።

የክሊፑ ቦታና ርዝመት ሳይነካ ትርፉን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ማዛወርም ይቻላል። የቲ ቁልፍን ተጭነህ ትሪም ሞድ (የማሳጠሪያ ሁነታ) ውስጥ ግባ፣ ክሊፑን ከወገቡ ላይኛው ክፍል ይዘህ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሳብ። ክሊፑ ታይምላይኑ ላይ ባለበት ይቆያል፤ የሚንሸራተተው ውስጡ ያለው ምስል ነው። ስትጨርስ በኤ ቁልፍ ወደ መደበኛው ሁነታ ተመለስ።

ወደፊት ስትቀርጽ ከያንዳንዱ ቀረጻ በፊትና በኋላ 2 ሰከንድ ካሜራውን ሳታጠፋ ቆይ።

መልስ፦ የድምፅ ጠረጴዛ

ሁለተኛውን እኔ ልመልስ። የ«ሹው»ን ሞገድ (ክሊፑ ላይ የሚታየውን የድምፁን ቅርጽ) አጉልተህ እየው። ሲጀምር ቀጭን ነው፣ እያበጠ ይሄዳል፣ ጫፍ (በጣም የሚጎላበት ቦታ) ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ ይከስማል። ጆሮ ከቁርጡ ጋር የሚያገናኘው ጫፉን እንጂ መነሻውን አይደለም። ፋይሉ ጫፉ ላይ የሚደርሰው ከተጀመረ ከግማሽ ሰከንድ በኋላ ከሆነ፣ መነሻውን ቁርጡ ላይ ስታደርገው ጫፉ 12 ፍሬም ያህል ዘግይቷል ማለት ነው። አንተ የሰማኸው ይህንኑ ነው።

ፕሌይሄዱን (የሚጫወተውን ቦታ የሚያሳየውን ቀጥ ያለ መስመር) ቁርጡ ላይ አቁም። የድምፅ ክሊፑን ምረጥና በኮማ ቁልፍ ወደ ግራ፣ በነጥብ ቁልፍ ወደ ቀኝ አንድ አንድ ፍሬም እያንቀሳቀስክ የሞገዱን ወፍራም ቦታ ከፕሌይሄዱ ሥር አምጣው። በማውስ ስትጎትተው ማግኔቱ (ክሊፕን ወደ ቅርብ ጠርዝ የሚስበው ስናፕ) ካስቸገረህ በኤን ቁልፍ አጥፋው።

ትራንዚሽን ካለ ጫፉ የሚያርፈው በትራንዚሽኑ መሃል ነው፣ እንቅስቃሴው የሚበረታው እዚያ ስለሆነ። ከላይ በተባለው መሠረት ትራንዚሽኑን ከቁርጡ እንዲጀምር ካደረግከው መሃሉም አብሮ ወደ ቀኝ ሄዷል፤ ድምፁን አስከትለው።

የበር መዘጋት፣ ጥፊ፣ የዕቃ መውደቅ ግን ሌላ ነው። እነዚህ ጫፋቸው መነሻቸው ላይ ስለሆነ ነገሩ የተነካካበትን ፍሬም ፈልገህ መነሻውን እዚያ ትጥላለህ። ከተጠራጠርክ አንድ ፍሬም ይዘግይ እንጂ አይቅደም። በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምክረ ሐሳብ ቢቲ 1359 መሠረት ተመልካች ልዩነቱን መለየት የሚጀምረው ድምፅ 45 ሚሊሰከንድ ያህል ሲቀድም ወይም 125 ያህል ሲዘገይ ነው። ያንተ አንድ ፍሬም 40 ሚሊሰከንድ ስለሆነ፣ በ2 ፍሬም የቀደመ ድምፅ ይታወቃል፤ በ2 የዘገየ ያልፋል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ኤምፒ3 ፋይሎች መጀመሪያቸው ላይ አጭር ዝምታ ይኖራቸዋል። በዓይን የማይታይ መዘግየት የሚያመጣ ስለሆነ ለአጫጭር ኢፌክቶች ዌቭ ፋይል ካገኘህ እሱን ምረጥ፤ ሳምፕል ሬቱም (በሰከንድ የሚወሰደው የድምፅ ናሙና ብዛት) 48 ኪሎኸርትዝ ቢሆን ጥሩ ነው።

መልስ፦ ጆሮ ዳባ

«ጠቅ» የምትለዋ ምክንያቷ ሁለት ሊሆን ይችላል። አንዱ ሞገዱ ወደ ዜሮ ሳይመለስ መሃል ላይ መቆረጡ ነው። ስፒከሩ በአንዴ ወደ ዜሮ ሲዘል ያ ዝላይ ራሱ ይሰማል። የድምፅ ክሊፑ ላይኛው ማዕዘን ላይ ያለችውን ነጭ ነጥብ ወደ ውስጥ ጎትት፤ ድምፁን ቀስ አድርጎ የሚያስገባና የሚያወጣ ፌድ ይሠራል፦ መነሻው ላይ 1 ፍሬም፣ መጨረሻው ላይ ከ5 እስከ 10 ፍሬም። መነሻው ላይ አታብዛው፣ የምት ድምፅ ከሆነ ጉልበቱን ትበላበታለህ።

ፌድ ተደርጎም ከቀጠለ ድምፁ ከጣሪያው (ከ0 ዴሲቤል) በላይ ሆኗል፤ ሜትሩን (የድምፅ መጠን መለኪያውን) እይ። ንግግር ከፍ ሲል በ-12 እና በ-6 ዴሲቤል መካከል ይሁን፣ ከንግግር ጋር የሚሄድ ኢፌክት ከ-18 እስከ -12፣ ጠቅላላው ድብልቅ ደግሞ ከ-1 አይለፍ። እንዲያይል ብለህ አንዱን ድምፅ ሁለት ትራክ ላይ ከደረብከው 6 ዴሲቤል እንደጨመርክ ቁጠረው።

መልስ፦ ቀጥታ ቁርጥ

የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ ግን 4 ደቂቃ ቪዲዮ ውስጥ ስንት «ሹው» እንዳለ መጠየቅ እፈልጋለሁ። እያንዳንዱ ቁርጥ ላይ ከተደረገ ከአምስተኛው በኋላ ተመልካች መስማት ያቆማል፣ ወይም ይሰለቻል። ቦታ ወይም ጊዜ ሲቀየር ብቻ ተጠቀም። ለቀሪው ቀጥታ ቁርጥ አድርገህ የመጪውን ትዕይንት ድምፅ ከምስሉ ከ10 እስከ 15 ፍሬም አስቀድም፦ አልት ይዘህ ድምፁን ብቻ ምረጥና የግራ ጫፉን ወደ ግራ ሳብ። ገበያ ከሆነ የገበያው ጫጫታ ከምስሉ ቀድሞ ይገባል፣ ሽግግሩም ምንም ትራንዚሽን ሳይኖር ለስላሳ ይሆናል። ይህም ቢሆን ከመጪው ክሊፕ ፊት ትርፍ ድምፅ ይፈልጋል።

አዲስ ኤዲተር

እግዜር ይስጥልኝ። ዲዞልቮቹን 10 ፍሬም አድርጌ ሁሉም ገቡ። «ሹው»ውም 11 ፍሬም ወደ ግራ ሲሄድ ልክ ገጠመ፤ «ጠቅ»ም ጠፋች። አንድ ቀረኝ፦ ርዕሱ ሲወጣ ያደረግኩት «ዷ» የሚል ከባድ ምት በሄድፎን ደረት ይመታል፣ በስልክ ሲከፈት ግን ጭራሽ የለም።

መልስ፦ የድምፅ ጠረጴዛ

የዚያ ምት ጉልበት ከ40 እስከ 60 ኸርትዝ ላይ ነው፤ የስልክ ስፒከር ያንን ማውጣት አይችልም። ቮሊዩም ብትጨምር ሄድፎን ያደረገውን ሰው ከመጉዳት በቀር ስልኩ ላይ ለውጥ የለውም። ከሥሩ ባለው ትራክ ላይ ሌላ ድምፅ ደርብለት፦ የእንጨት ወይም የብረት ምት፣ ከ200 ኸርትዝ በላይ በደንብ የሚሰማ። የሁለቱን መነሻ በአንድ ፍሬም ላይ ግጠም፣ ሁለተኛውን ከዋናው 6 ዴሲቤል ያህል ዝቅ አድርገው። ከዚያ ኤክስፖርት ሳታደርግ ኢኳላይዘር (የድምፅ ወፍራምና ቀጭን ክፍሎችን ማስተካከያ) ላይ ከ200 ኸርትዝ በታች ያለውን ለጊዜው ቆርጠህ አድምጠው። «ዷ»ው አሁንም ከተሰማህ ስልክ ላይም ይሰማል። ቆረጣውን ማጥፋት እንዳትረሳ።